ቪኤምሲኤ ምንድን ነው? “አንዱ ሞተር እየሠራ እንዴት ወደቀ?” ለሚሉ

የካቲት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አንድ የናይጄሪያ አየር ኃይል ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን፣ ኪንግ ኤር 350፣ ከአቡጃ ወደ ሚና ከተማ ተነሳ። ሞተር እንደከዳው አሳወቀ፣ ለመመለስ ሞከረ፣ ግን ማኮብኮቢያው ላይ ሳይደርስ ወደቀ። ሰባት ሰዎች ሞቱ። የወጡት የታገቱ ተማሪዎችንና መምህራንን ለማስለቀቅ በሚደረገው ጥረት ቅኝት ሊያደርጉ ነበር።

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለዚህ አደጋ ሲጽፍ፣ “ፍጥነቱ ከቪኤምሲኤ በላይ ከነበረ በቀረው ሞተር ሽቅብ መውጣት ይችል ነበር፣ ጥፋቱ የአብራሪው ነው” አለ። ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ነሐሴ 2010 ከድሬዳዋ ወደ ቢሾፍቱ ሲበር የነበረው የመከላከያ አውሮፕላን ሞጆ አካባቢ ወድቆ 18 ሰው ባለቀ ጊዜም፣ ገና ሬሳ ሳይነሳ “ሁለት ሞተር አለው እኮ!” ሲባል ሰምቻለሁ። በሟቾች ላይ በዚህ ዓይነት ሂሳብ ሲፈረድ ያመኛል።

ቪኤምሲኤ ማለት አንድ ሞተር በአየር ላይ ጠፍቶ ሌላው በሙሉ ጉልበት ሲጎትት አውሮፕላኑን አቅንቶ መያዝ የሚቻልበት ዝቅተኛው ፍጥነት ነው። መያዝ ብቻ። መውጣት አልተባለም፣ ባሉበት ከፍታ መቆየት እንኳ አልተባለም። (መጨረሻ ላይ ያለችውን “ኤ” አትጣሏት፤ “ቪኤምሲ” ብቻ ከተባለ እኛ አብራሪዎች ዘንድ ጥሩ እይታ ያለው የአየር ሁኔታም ማለት ነው።)

ጥማድ በሬ አስቡ። አንዱ በሬ ዘጭ ቢል ሌላው ብቻውን ቀጥ ብሎ አያርስም። ቀንበሩ ይጠማዘዛል፣ ሞፈሩ ወደ ወደቀው በሬ ይዞራል፣ ገበሬው እርፉን ጨብጦ ሊያቃናው ይታገላል። አውሮፕላን ላይ እርፉ ራደር ነው፣ ጅራቱ ላይ ያለው መሪ። ልዩነቱ፣ የዚህ ገበሬ ክንድ ጉልበት የሚያገኘው ከነፋሱ ነው። ፍጥነት ሲቀንስ ክንዱ ይዝላል፣ የቀረው በሬ ግን መጎተቱን አይተውም። ክንዱና በሬው እኩል ለእኩል የሚሆኑበት ፍጥነት ቪኤምሲኤ ነው። ከዚያ በታች የራደሩን ፔዳል እስከ መጨረሻው ብትረግጡትም አፍንጫው ወደ ጠፋው ሞተር ይዞራል፣ ክንፉ ይከተላል፣ አውሮፕላኑ ይገለበጣል። የወደቀው በሬ ደግሞ ከቀንበሩ ካልተፈታ ሸክም ነው፤ የጠፋ ሞተር ፕሮፔለርም በነፋስ እየተሽከረከረ ወደ ኋላ ይጎትታል። ፌዘር የምንለው፣ የፕሮፔለሩን ስለት ወደ ነፋሱ ማዞር፣ በሬውን መፍታት ነው።

“ግማሽ ጉልበት ይቀራል” የሚለው እውነት ነው። ግን ሽቅብ የሚያወጣው ጠቅላላው ጉልበት አይደለም። ከፍታ ሳይቀንሱ ለመብረር ከሚያስፈልገው በላይ የተረፈው ነው፣ አንድ ሞተር ሲጠፋ የሚበላውም ያንን ትርፍ ነው። በትናንሽ ባለሁለት ሞተሮች የመውጣት አቅም 80 በመቶና ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ላይ የፍጥነት መለኪያው ሁለት መስመር ያለው። ቀዩ ቪኤምሲኤ ነው። ሰማያዊው በአንድ ሞተር የተሻለ መውጣት የሚቻልበት ፍጥነት ነው። ከቀዩ በላይ፣ ከሰማያዊው በታች ሆኖ አውሮፕላኑን እየተቆጣጠሩ ወደ መሬት መውረድ ይቻላል። ያ ጸሐፊ የዘለለው ይህን ነው።

ወታደሮች ይህን በደም ነው የተማሩት። ግሎስተር ሚቲዮር ትንሽ ባለሁለት ሞተር ጄት ነበር፣ ሞተሮቹም ከአካሉ ርቀው ክንፎቹ ላይ የተቀመጡ። የእንግሊዝ አየር ኃይል 890 ያህል ሚቲዮሮች አጥቷል፣ 450 አብራሪዎች ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 ብቻ 145 አውሮፕላን! ምክንያቱ አንድ አልነበረም። ነገር ግን አንድ ሞተር ሆን ብሎ አጥፍቶ መለማመድ ራሱ ብዙ ወጣቶችን ቀጥፏል፣ ለአደጋ የሚያዘጋጃቸው ልምምድ አደጋ ሆኖባቸው።

ሌላም አለ። በአውሮፕላኑ መመሪያ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው የቪኤምሲኤ ቁጥር ቋሚ አይደለም። መሐንዲሶቹ ሲለኩት አውሮፕላኑን ወደሚሠራው ሞተር እስከ 5 ዲግሪ እንዲያጋድሉ ተፈቅዶላቸው ነው። ተማሪ ደንግጦ ክንፎቹን እኩል ካደረገ፣ በተቀነሰው በእያንዳንዱ ዲግሪ ቪኤምሲኤው ከ3 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) በላይ ሊጨምር ይችላል። እንደ ቦሌ ያለ ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነ ቦታ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የፒስተን ሞተር በስስ አየር ጉልበቱ ስለሚቀንስ ቪኤምሲኤውም ይወርዳል። ይህ ጥሩ ዜና ይመስላል፣ አይደለም። አውሮፕላኑ ስቶል የሚያደርግበት፣ ማለትም ክንፉ መሸከም የሚያቆምበት፣ በመለኪያው የሚነበበው ፍጥነት ግን ባለበት ይቆያል። ሁለቱ ፍጥነቶች አንድ ላይ ሲገጥሙ ስፒን ይመጣል፣ እየተሽከረከሩ መውደቅ። ለቱርቦፕሮፕ፣ ማለትም በጋዝ ተርባይን ፕሮፔለር ለሚያሽከረክሩ ሞተሮች፣ ጉዳዩ ትንሽ ይለያል፣ እነሱ ጉልበታቸውን እስከ ተወሰነ ከፍታ ይይዛሉ።

መፍትሔው ነው ከሁሉ የሚከብደው። አውሮፕላኑ መዞር ከጀመረና ፔዳሉ ካለቀ፣ የሚሠራውን ሞተር ጉልበት መቀነስና አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ነው። የቀረውን በሬ መያዝ። መሬቱ እየቀረበ፣ በእጅ የቀረው አንድ ሞተር ብቻ ሆኖ፣ የእሱኑ ጉልበት መቆጣጠሪያ ወደ ኋላ መሳብ። ተማሪዎቼ በቃል አንዴም አይስቱትም። አየር ላይ ግን እጃቸው ወደ ፊት ይገፋዋል፤ የእኔ እጅ ሁልጊዜ ከእነሱ እጅ ኋላ የሚቀመጠው ለዚህ ነው።