ዲናሞ ምንድን ነው?

ማታ ነው። ከአየር ጤና ወደ ሰበታ የሚወጣው መኪና ተሰልፏል። ቮልሷ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሯ ቀስ ብሎ እየዞረ፣ ቆማ የፊት መብራቷ ቢጫ ሆኗል። ነዳጅ ረገጥ ሳደርግላት ቦግ ትላለች፤ ስለቃት ትደበዝዛለች። «ባትሪው ሞቷል» አሉኝ። አመንኩና አዲስ ገዛሁ። በሳምንቱ እሱም ተኛ።

ባትሪ ጎተራ ነው፤ እህሉን የሚያስገባለት ዲናሞው ነው። በቺንጋ፣ ማለትም በጎማ ቀበቶ፣ ከሞተሩ ጋር እየዞረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ጋራዥ ውስጥ የአዲሱንም የአሮጌውንም መኪና ዕቃ «ዲናሞ» እንለዋለን እንጂ አንድ አይደሉም። የአሁኖቹ አልተርኔተር ናቸው፤ በሚኒሞም ይሞላሉ። በድሮ ቮልስ ላይ ግን የሚዞረው የመዳብ ጥቅሉ ራሱ ነው፤ ኤሌክትሪኩን ካርቦኖች እየታከኩት ይቀበሉታል። ሞተሩ ፈጠን ካላለ የሚሰጠው ጥቂት ነው። ሰልፍ ላይ መብራት ካበራችሁ የምትበሉት ከጎተራው ነው።

ሬጉላተሩ ደግሞ በረኛ ነው። ዲናሞው ሲደክም መስመሩን ይቆርጣል፤ ባይቆርጥ ባትሪው ወደ ዲናሞው ተመልሶ ይፈስ ነበር። ሲበረታ ደግሞ ከልክ እንዳያልፍ ይይዘዋል።

ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለኩ። የ12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሞተሩ ሲጠፋ 12.6 አካባቢ ያሳያል። ሞተሩን አስነስታችሁ ነዳጅ ስትረግጡ ወደ 14 ካልተጠጋ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም። የጥንቶቹ ቮልሶች 6 ቮልት ስለሆኑ ቁጥሩ በግማሽ ይወርዳል።

አንድ ነገር አደራ። ዳሽቦርድ ላይ ያለችው ቀይዋ የቻርጅ መብራት በሚኒሞ ብልጭ ብትል አትደንግጡ። እየነዳችሁ በርታ ከቀረች ግን ጥግ ይዛችሁ ወዲያው ሞተር አጥፉ። ቮልስ ላይ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን የሚዞረው በዚያው በዲናሞው ዘንግ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ቻርጅም ማቀዝቀዣም አብረው ይቆማሉ፤ «ቤት ልድረስ» ያለ ሰው ሞተሩን ያቃጥላል።

ቺንጋውን በአውራ ጣት ስትጫኑት 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርገብ። ከዚያ በላይ ከላላ የዲናሞውን ፑሊ (ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ጎማ መሰል ብረት) ፍቱ። በሁለቱ ግማሾች መሃል ስስ ሮንዴላዎች (የብረት ቀለበቶች) አሉ፤ አንዱን ስታወጡ ቺንጋው ይጠብቃል። ያወጣችሁትን አትጣሉት፤ ከውጭ በኩል ከዳዶው ሥር መልሳችሁ እሰሩት። አዲስ ቺንጋ የገባ ቀን ይፈለጋል።