ለሐረማያ ሐይቅ የሚሆን ሶናር አመራረጥ

ሶናር ድምፅን ወደ ውሃ ልኮ፣ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ እስኪመጣ የወሰደውን ጊዜ ቆጥሮ ጥልቀትን የሚናገር መሣሪያ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1,482 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ 3 ሜትር ታች ካለ ወለል ደርሶ ለመመለስ ከ4 ሚሊሰከንድ ብዙም አይበልጥበትም። አመራረጡ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ሁሉ ከዚህች አጭር ጊዜ የሚመጣ ነው።

ከድሬዳዋ ደንገጎን ወጥቶ ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ አወዳይ ከመድረሱ በፊት የሚያገኘው የሐረማያ ሐይቅ ለረጅም ጊዜ የሐረር መጠጥ ውሃ ምንጭ ነበር። የከተሞቹ ፍጆታ፣ የጫትና የአትክልት መስኖ ፓምፖች፣ ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚታጠበው ደለል ተደራርበው በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ገደማ አደረቁት። ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች በፓምፕ ማስወጣት ጀመረች። ሐይቁ ከዓመታት በኋላ ውሃ ይዟል፤ ግን ጥልቀቱ ትንሽ፣ ወለሉም ለስላሳ ደለል ነው። ዓሣ ለማስገርም ሆነ ደለሉን ለመከታተል ሶናር የሚገዛ ሰው ይህን ሁለት ነገር መያዝ አለበት።

የመሣሪያው ካርቶን በትልቁ የሚጽፈው ዋትና የጥልቀት አቅም ነው። 300 ሜትር ድረስ የሚያይ ሶናር ለሐረማያ ምንም አይጨምርም፤ እንዲያውም ኃይሉ ሲበዛ ድምፁ በወለሉና በውሃው ገጽ መካከል ይመላለስና ስክሪኑ ላይ በእጥፍ ጥልቀት ሁለተኛ፣ ሐሰተኛ ወለል ይታያል። ያኔ ጌይኑን፣ ማለትም የማሚቶውን ማጉያ፣ መቀነስ ነው። (ሁለተኛው ወለል አንዳንዴ ይጠቅማል፦ ወለሉ ድንጋይ ወይም ጠጣር ከሆነ ይጎላል፣ ደለል ከሆነ ይጠፋል።)

መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ የድምፁ ምት ምን ያህል አጭር ነው? 1 ሚሊሰከንድ የሚቆይ ምት 74 ሴንቲ ሜትር ያልተራራቁ ሁለት ነገሮችን አንድ አድርጎ ያሳያል። የ0.1 ሚሊሰከንድ ምት ግን 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ይለያቸዋል። ከወለሉ ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ የተኛ አምባዛ በረጅሙ ምት ከጭቃው ጋር ይዋሃዳል፣ በአጭሩ ይታያል። ቸርፕ የሚባለው፣ ድምፁን በተለያየ ድግግሞሽ እየጠራረገ የሚልከው ስልትም ለዚሁ ይረዳል። ሌላው ትራንስዱሰሩ (ውሃ ውስጥ ገብቶ ድምፁን የሚልከውና የሚቀበለው ክፍል) ድምፅ ልኮ ዝም እስኪል ድረስ የማይሰማበት ዕውር ክልል ነው። በብዙ መሣሪያዎች ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ባለ 2 ሜትር ውሃ ላይ ይህ ሩብ ወይም ከዚያ በላይ ስለሆነ መመሪያው ላይ ዝቅተኛው የሚለካ ጥልቀት ስንት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

በድግግሞሽ በኩል 200 ኪሎኸርዝ ጥሩ መነሻ ነው። ጨረሩ ባለ 20 ዲግሪ ከሆነ 3 ሜትር ታች ላይ ስፋቱ 1 ሜትር ከ6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ባለ 60 ዲግሪ ከሆነ ወደ 3 ሜትር ተኩል ይሰፋል። ሰፊው ብዙ ቦታ ያያል፣ ግን ዓሣው የት ጋ እንዳለ አይናገርም። ደለል የሚለካ ሰው ግን 50 ኪሎኸርዝም ያለው ቢሆን ይመረጣል። ከፍተኛው ድግግሞሽ ከጭቃው ገጽ ሲመለስ ዝቅተኛው ወደ ለስላሳው ጭቃ ጠልቆ ይገባል፤ የሁለቱ ልዩነትም የላላውን ደለል ውፍረት ይጠቁማል።

ሐይቃቸው በክረምት ወደ በረዶ በሚለወጥባቸው አገሮች፣ በካናዳና በአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች፣ በረዶውን በስተው ለሚያጠምዱ ሰዎች ፍላሸር የሚባል የተለየ ሶናር ይሠራል፤ ቬክሲላርና ማርከም በዚህ ይታወቃሉ። ክብ መደብ ላይ የዚያችን ቅጽበት ማሚቶ ብቻ በቀለም ያሳያል፤ ያለፈውን አያስቀምጥም። አጥማጁ ከቀዳዳው ላይ ስለማይነቃነቅ ይበቃዋል። ተራው የጀልባ ሶናር በአንጻሩ ምስሉን ከቀኝ ወደ ግራ እየጎተተ ያሳልፋል፤ አሁን የሚባለው የቀኙ ጠርዝ ብቻ ነው። ጀልባው ቆሞ ከሥሩ ትንሽ ቆሮሶ ቢቆም ረጅም መስመር ይሠራል፣ ብዙ ሰውም መስመሩን የዓሣው ርዝመት ያደርገዋል። ሐረማያ ላይ ቆሞ ለሚያጠምድ ፍላሸር መጥፎ አይደለም፦ ባትሪው፣ ተንሳፋፊ ትራንስዱሰሩና ቦርሳው አብረው ስለሚመጡ ጀልባ ላይ የሚበሳ ነገር የለም። ካርታ ለሚሠራ ግን ጂፒኤስ ያለውና ልኬቱን በሜሞሪ የሚያስቀምጥ ሶናር ይሻላል፤ ፍላሸር ለዚያ የሚወጣውን ገንዘብ አይመልስም።

ባትሪው ላይ ጉዳዩ ይገለበጣል። በበረዶ አገር ብርዱ የባትሪውን አቅም ይቀንሳል፤ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ዕድሜውን ይበላል። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ8 እስከ 10 ዲግሪ ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ስለዚህ ሞልቶ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ መሣሪያው 0.5 አምፒር የሚወስድ ከሆነ፣ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ ከግማሽ በታች ሳይወርድ 7 ሰዓት ይሰጣል። ያገለገለ የዩፒኤስ ባትሪ ሲገዛ ሞልቶ ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት፤ መሣሪያው ሲበራ ቶሎ ከ12 በታች የሚወርድ ከሆነ ይቅር። የባጃጅ ባትሪም ይሠራል፣ ግን ይከብዳል። በየትኛውም በኩል በመመሪያው ልክ ፊውዝ ይግባ።

ድምፅን የሚዘጋው አየር ነው። በረዶ ላይ ያሉት አጥማጆች በረዶው ንጹሕና ጠጣር ከሆነ ውሃ አፍስሰው ትራንስዱሰሩን ያስቀምጡበትና ሳይበሱ ጥልቀቱን ያነባሉ፤ ውስጡ የአየር አረፋ ካለ ግን ምንም አይታይም። ጠጣር ፋይበርግላስ ጀልባም እንዲሁ ያሳልፋል፣ ፎም ያለበት ወይም እንጨት አያሳልፍም። በእንጨት ጀልባ ትራንስዱሰሩን በፒቪሲ ቧንቧ ጫፍ አስሮ ከውሃው ገጽ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ፣ ያችን 20 ሴንቲ ሜትር ደግሞ በመሣሪያው የጥልቀት ማስተካከያ ውስጥ መደመር ያስፈልጋል። ፊቱን በላርጎ አሽቶ ማጥለቅ ትንንሽ አረፋዎች እንዳይጣበቁበት ያደርጋል። ከጎን ሌላ ሰው በተመሳሳይ ድግግሞሽ ቢሠራ ስክሪኑ በነጠብጣብ ይሞላል፤ ኢንተርፈረንስ (የሌላ ድምፅ ጣልቃ ገብነት) መቀነሻውን ከፍ ማድረግ ወይም ድግግሞሽ መቀየር ነው።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ሱቅ ውስጥ ዓሣ እያሳየ የሚያልፈው ስክሪን ብዙ ጊዜ ዴሞ፣ ማለትም ለማሳያ የተዘጋጀ ምስል፣ ነው፤ ደረቅ ጠረጴዛ ላይ ዓሣ አይዋኝም። ዴሞው ጠፍቶ፣ ትራንስዱሰሩ ውሃ በሞላ ትልቅ ሮቶ ውስጥ ገብቶ መታየት አለበት። የሶኬቱ እግሮች ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ፣ ወይም ገመዱ ተቆርጦ ከተቀጠለ አይገዛም። ከሌላ ሞዴል የመጣ ትራንስዱሰር ሶኬቱ ቢገጥም እንኳ ድግግሞሹ ካልተስማማ ወለሉን ያዛባል።

ልኬቱን በቱምቢ ማረጋገጥ ርካሽ ነው፣ ግን ተራ ቱምቢ ደለሉ ውስጥ ሰምጦ ሶናሩን ውሸታም ያስመስለዋል። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ገመድ ላይ ታስሮ በዝግታ ይውረድ። መሣሪያው ፍጥነቱን 1,500 ብሎ የሚያሰላ ከሆነ 3 ሜትሩን 3.04 ያነባል። ከዚያ በላይ የሚለያይ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቧንቧው መዘንበል ነው።