ፈረቃ ምንድን ነው? የወላጅ የሥራ ሰዓት ቤት ሲገባ

ፈረቃ ማለት ሥራው ሳይቋረጥ ሠራተኞች በሰዓት ተከፋፍለው የሚተካኩበት አሠራር ነው። ኮምቦልቻ ላይ ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ።

አብዛኛውን ጊዜ 24ቱ ሰዓት ለሦስት ይከፈላል፦ ከጠዋቱ 12 እስከ ቀኑ 8፣ ከ8 እስከ ምሽቱ 4፣ ከ4 እስከ ንጋቱ 12። በሕጉ መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ሦስቱም ፈረቃ እኩል 8 ሰዓት ነው። ልጅ ላለው ቤት ግን እኩል አይደሉም።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ሌሊቱን ነው። እኔ ለተማሪ ልጅ ከባዱ ሁለተኛው ይመስለኛል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቱ ሥራ ገብታለች። እሷ ስትመለስ እሱ ተኝቷል። ደብተሩን የሚያይለት፣ «ዛሬ ምን ተማርክ?» የሚለው ሌላ ሰው ነው። እንዲህ ሆኖ ሳምንቱ ያልፋል። ሌሊት የሠራች እናት ደግሞ ቀን ቤት ናት፣ ግን መተኛት አለባት። በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ሕፃን ቀኑን ሙሉ ዝም በል ሲባል መዋል አለበት ማለት ነው። ይሄ ለሁለቱም ያሳዝናል።

ባልና ሚስት በተለያየ ፈረቃ ሲገቡ ልጁ ሁሌም ከአንዳቸው ጋር ነው፤ የሞግዚት ወጪም ይቀራል። እነሱ ግን በር ላይ ተገናኝተው በር ላይ ይለያያሉ። ፈረቃው በየሳምንቱ የሚዞር ከሆነ ልጁ አንዱን ሳይለምድ ሌላው ይመጣል። ቀዳዳውን የሚደፍኑት አያትና ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች ናቸው። ከገጠር መጥታ ዘመድ የሌላት ወጣት እናት ይህም የላትም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ማሠራት ይከለክላል። ከወለደች በኋላ የ90 ቀን ፈቃድ አላት። አባት 3 ቀን ብቻ! የጤና ባለሙያዎች ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይላሉ። ፈቃዱ ግን ከዚያ በፊት ያልቃል፣ የሌሊቱ ክልከላም የተጻፈው ለነፍሰ ጡሯ ነው። ጡት የምታጠባ እናት ሌሊት ልትመደብ ትችላለች።

ለዚህ ነው ፋብሪካው አጠገብ የሕፃናት ማቆያ የሚያስፈልገው። ማቆያ ሲባል ደግሞ ሰዓቱም ይታሰብ። ቢሮ ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋ ማቆያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ለምትወጣ እናት አይደርስላትም።