ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) «500 ዋት» ሲል ምን ማለቱ ነው?
ደብረ ማርቆስ ላይ ኮምፒውተር የሚገጣጥም ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ቆጣሪ አያስሮጥም ወይ?» ብሎ ነው። አያስሮጥም። ጎተራው 20 ኩንታል ጤፍ ይይዛል ማለት ቤተሰቡ በቀን 20 ኩንታል ይበላል ማለት አይደለም። ማሽኑ 150 ዋት ከፈለገ፣ የሚስበው ያንኑና በሙቀት የሚባክነውን ጥቂት ነው።

ይልቅ ፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አንብቡ። በ12 ቮልት መስመር 20 አምፔር ብቻ ካለ፣ ለፕሮሰሰርና ለግራፊክስ ካርድ የሚተርፈው 240 ዋት ነው፤ ካርቶኑ የፈለገውን ይበል። አሮጌ ከሆነ ደግሞ ከኋላ ያለችው ቀይ ማብሪያ 230 ላይ ትሁን። 115 ላይ እያለች ከሰካችሁት ጧ! ብሎ ያርፋል።

ኬዙ (ሁሉም ክፍል የሚገባበት ሳጥን) ቀላል ነው፦ ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚባለው አነስተኛ ማዘርቦርድ (ዋናው ሰሌዳ) ኤቲኤክስ በሚባለው ተለቅ ያለ ኬዝ ውስጥ ይገባል፣ ግልባጩ አይሆንም።