በአጸፋ ታሪፍ ላይ የሚደረግ የምክር ቤት ቁጥጥር ምንድን ነው?

የአጸፋ ታሪፍ አንድ መንግሥት «የንግድ ሸሪኬ በምርቴ ላይ ቀረጥ ጥሏል ወይም ሌላ እንቅፋት ፈጥሯል» ሲል በምላሹ ከዚያ አገር በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጥለው ቀረጥ ነው። ስሙ ክፍያው በሌላው አገር ላይ ያረፈ ቢያስመስለውም ገንዘቡን ለጉምሩክ የሚከፍለው የገዛ አገሩ አስመጪ ነው፤ አስመጪውም ከወጪው ከፊሉን በዋጋ ላይ ጨምሮ ወደ ሸማቹ ሊያሻግረው ይችላል። ስለዚህ ታሪፍ ግብር ነው። ሕዝብ ግብር የሚጣልበት በመረጣቸው እንደራሴዎች ፈቃድ ነው ከተባለ፣ ታሪፍንም መቆጣጠር የምክር ቤት ተግባር ይሆናል።

ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው በአሜሪካ ነው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 1 ክፍል 8 ቀረጥ የመጣልንም ሆነ የውጭ ንግድን የመምራትን ሥልጣን ሴኔትንና የተወካዮች ምክር ቤትን ላቀፈው ሕግ አውጪ፣ ለኮንግረስ፣ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1930 በወጣው የስሙት–ሃውሊ የታሪፍ ሕግ ቀረጡን በየዕቃው የወሰነው ምክር ቤቱ ራሱ ነበር፤ እያንዳንዱ እንደራሴ የአካባቢውን አምራች ለመጠበቅ ሲሻማ ታሪፉ አሻቀበ፣ ሌሎች አገሮችም አጸፋውን መለሱ። ከዚህ በኋላ ኮንግረስ በ1934 ባወጣው ሕግ ፕሬዚዳንቱ ከሌሎች አገሮች ጋር እየተዋዋለ ታሪፍን እስከ 50 በመቶ ድረስ እንዲለውጥ ፈቀደ፤ ፈቃዱ ግን ለ3 ዓመት ብቻ የቆየ ስለነበር ፕሬዚዳንቱ ለማሳደስ ወደ ምክር ቤቱ መመለስ ነበረበት። በዚያ ሕግ ስያሜ ውስጥ ያለው «ሬሲፕሮካል» (አጸፋዊ፣ የእርስ በርስ) የሚለው ቃል በተግባር ያገለገለው እርስ በርስ ቀረጥ ለመቀናነስ ነው፤ በ2025 ይኸው ቃል ለመጨመር መዋሉ ልብ ሊባል ይገባል።

የምክር ቤት ኮሚቴዎች ሚኒስትሮችን ጠርተው ይጠይቃሉ፣ ሪፖርትም ይቀበላሉ። ይሁንና የቁጥጥር ጥንካሬ በዋናነት የሚለካው ምክር ቤቱ ዝም ባለ ጊዜ በሚሆነው ነገር ይመስለኛል። የ1974ቱ የንግድ ሕግ ክፍል 122 ፕሬዚዳንቱ እስከ 15 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ ቀረጥ እንዲጥል ቢፈቅድም፣ ኮንግረስ ካላራዘመው ቀረጡ በ150 ቀናት ውስጥ ያበቃል፤ እዚህ ላይ ዝምታ ታሪፉን ያስቀራል። ፕሬዚዳንቱ ብሔራዊ አደጋ አውጆ በአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ታሪፍ ሲጥል ግን ነገሩ ተገለበጠ። በ1976 የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች ሕግ ሁለቱ ምክር ቤቶች ያለ ፕሬዚዳንቱ ፊርማ በውሳኔ ብቻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን እንዲያነሱ ያስችላቸው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1983 እንዲህ ያለውን አሠራር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ስለሻረው፣ በ1985 በተደረገው ማሻሻያ ውሳኔው ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ የሚቀርብ ሆነ። ፕሬዚዳንቱ ካልተቀበለው በሁለቱም ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ዝምታም ታሪፉን ያጸና ነበር ማለት ነው።

ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ኤፕሪል 2 ቀን 2025 የንግድ ጉድለትን (አገሪቱ ከምትሸጠው በላይ የምትገዛበትን ልዩነት) ብሔራዊ አደጋ ብለው በማወጅ የአጸፋ ታሪፍ የጣሉት በዚህ በኩል ነው፤ የተጠቀሙበት በአስቸኳይ ጊዜ ስለሚኖር ኢኮኖሚያዊ ሥልጣን የወጣው የ1977 ሕግ «ታሪፍ» የሚል ቃል የለበትም። መነሻው 10 በመቶ የነበረ ሲሆን፣ በበርካታ አገሮች ላይ የተወሰነው ከፍ ያለ መጠን የተሰላው አገሮቹ ከሚያስከፍሉት ቀረጥ ሳይሆን አሜሪካ ከየአገሩ ጋር ያለባት የሸቀጥ ንግድ ጉድለት ከዚያው አገር ለምታስገባው ዕቃ ዋጋ ተካፍሎ ውጤቱ በግማሽ ተቀንሶ ነው። ስሌቱ ከ«አጸፋ» ትርጉም ጋር አይገጥምም፤ ሕግ ሆኖ ለክርክር ቢቀርብ ኖሮ በመጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ይህ በሆነ ነበር።

ሴኔቱ አዋጁን ለማንሳት በኤፕሪል 30 ድምፅ ሲሰጥ 49 ለ49 ሆኖ ወደቀ፤ በኦክቶበር መጨረሻ ግን 51 ለ47 አለፈ። የተወካዮች ምክር ቤት በበኩሉ አዋጁን የማንሳት ጥያቄ ወደ ድምፅ እንዲመጣ ሕጉ ለኮሚቴ የሰጠው የቀን ገደብ እንዳይቆጠር የሚያደርግ የውስጥ ደንብ አጽድቆ ስለነበር ጉዳዩ ለድምፅ እንዳይቀርብ አገደ። አንድ ምክር ቤት የራሱን ቀን መቁጠሪያ አቁሞ ሥልጣኑን ሲተው ማየት ያሳዝናል።

ሴናተር ማሪያ ካንትዌልና ሴናተር ቻክ ግራስሊ፣ አንዷ ዴሞክራት ሌላው ሪፐብሊካን፣ በዚያው ኤፕሪል ያቀረቡት ረቂቅ ዝምታውን ወደ ቀድሞ ትርጉሙ ሊመልስ ያለመ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ አዲስ ታሪፍ በጣለ በ48 ሰዓት ውስጥ ለኮንግረስ እንዲያሳውቅ፣ ታሪፉም በ60 ቀናት ውስጥ ካልጸደቀ እንዲቀር ይደነግጋል። ዋይት ሐውስ ግን ረቂቁ ለፊርማ ቢቀርብ ፕሬዚዳንቱ ውድቅ እንደሚያደርጉት አስታወቀ፤ ስለዚህ ሥልጣኑን ወደ ኮንግረስ ለመመለስ የታሰበው ሕግ ራሱ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚጠይቅ ሆነ።