ሂት ፋክተር ምንድን ነው? የመጀመሪያ የሽጉጥ ውድድሩን ለሚተኩስ ሰው

ሂት ፋክተር አንድ ተኳሽ በሰከንድ ስንት ነጥብ እንደሰበሰበ የሚናገር ቁጥር ነው። ያገኘው ነጥብ ለፈጀበት ሰከንድ ይካፈላል፤ ስሌቱ በዚህ ያበቃል። ይህች ማካፈል ያልገባችው ሰው ግን አሜሪካ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ በየተኩስ ሜዳው በሚካሄደው «ፕራክቲካል» የሽጉጥ ውድድር ላይ ሲሰለፍ፣ ወይ ሲሮጥ ይስታል ወይ ሲያነጣጥር ያመሻል። ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት የትኛው ሽጉጥ እንደሚሻል ነው። እኔ ግን ከሽጉጡ በፊት ይህን ቁጥር ተረዱ ባይ ነኝ።

ስፖርቱ ከተለመደው የዒላማ ተኩስ የሚለየው ተኳሹ አንድ ቦታ ቆሞ ስለማይተኩስ ነው። ግድግዳ ይዞራል፣ በመስኮት አጮልቆ ይተኩሳል፣ እየተራመደ ካዝና (የሽጉጡን የጥይት መያዣ) ይቀይራል። ሥሩ ያለው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ውስጥ ጄፍ ኩፐርና ባልደረቦቹ ያደርጉት በነበረው ሽጉጥ ከወገብ መዝዞ የመተኮስ ውድድር ላይ ነው። በ1976 በሚዙሪ ግዛት ኮሎምቢያ ከተማ ላይ ዓለም አቀፉ የፕራክቲካል ተኩስ ኮንፌዴሬሽን አይ.ፒ.ኤስ.ሲ. ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ኩፐር ሆነ። የአሜሪካው ክንፍ ዩ.ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤ. ደግሞ በ1984 ተቋቋመ። መሪ ቃላቸው ሦስት የላቲን ቃላት ናቸው፤ ትክክለኛነት፣ ኃይልና ፍጥነት። ሂት ፋክተር የተፈለሰፈው ሦስቱን አንድ ሚዛን ላይ ለማስቀመጥ ነው።

ዒላማው ቡናማ ካርቶን ነው። መሐሉ ላይ ያለው ክልል «ኤ» ይባላል፤ ወርዱ 15፣ ቁመቱ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዙሪያው «ሲ»፣ ከዚያ ውጭ «ዲ» አለ። በ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ የሚተኩስ ጀማሪ ለኤ 5፣ ለሲ 3፣ ለዲ 1 ነጥብ ያገኛል። አብዛኛውን ጊዜ በየካርቶኑ ላይ ሁለት ሁለት ጥይት ማሳረፍ ይጠበቅበታል። የሳተ ጥይት 10 ነጥብ ያስቀንሳል። መመታት የሌለበትን ነጭ ካርቶን የመታም እንዲሁ 10 ይቀነስበታል። የብረት ዒላማ ከወደቀ 5 ነጥብ ነው፤ ካልወደቀ እንደ ሳተ ጥይት ይቆጠራል።

አሁን 12 ካርቶን ያለበት አንድ ስቴጅ፣ ማለትም ተኳሹ በአንድ ተራ የሚጨርሰው የዒላማዎች ድርድር፣ እናስብ። በትንሹ 24 ጥይት ይተኮሳል፤ ሙሉ ነጥቡ 120 ነው። የመጀመሪያው ተኳሽ ረጋ ብሎ 24ቱንም ኤ ላይ አሳረፈ፤ 30 ሰከንድ ፈጀበት። 120 ለ30 ሲካፈል ሂት ፋክተሩ 4 ነው። ሁለተኛው 20 ኤ እና 4 ሲ መታ፣ 112 ነጥብ፣ በ22.4 ሰከንድ። ሂት ፋክተሩ 5 ስለሆነ ስቴጁን እሱ አሸነፈ። ሦስተኛው ተመልካቹን ሁሉ ያስጨበጨበው ነው፤ በ17 ሰከንድ ጨረሰ። ካርቶኖቹ ሲታዩ ግን 12 ኤ፣ 6 ሲ፣ 4 ዲ እና 2 የሳቱ ጥይቶች ተገኙ። 82 ነጥብ ሰብስቦ 20 ተቀነሰበት፤ 62 ለ17 ሲካፈል 3.65 ብቻ። ጭብጨባው የትም አላደረሰውም።

ይህ ሦስተኛ ሰው ሁለቱ ጥይቶች መሳታቸውን አይቶ፣ ተጨማሪ አንድ ሰከንድ ወስዶ ሁለቱንም ሲ ላይ ቢደግማቸው ኖሮስ? ነጥቡ 88፣ ሰዓቱ 18፤ ሂት ፋክተሩ ወደ 4.89 ይወጣል። ከሦስተኛነት ተነስቶ አሸናፊውን ሊደርስበት ጥቂት ይቀረዋል። የሳተ ጥይት የሚጎዳው 10 ስለሚያስቀንስ ብቻ አይደለም፤ ሊገኝ የነበረውን 5 ነጥብም ይዞ ስለሚሄድ ጠቅላላ ኪሳራው 15 ነው። ሂት ፋክተሩ 5 በሆነ ስቴጅ ላይ 15 ነጥብ 3 ሰከንድ ማለት ነው። አንዲት ጥይት ለመድገም ደግሞ ከአንድ ሰከንድ በታች ይበቃል።

ነገሩን በሰዓት ክፍያ የሚሠራ ሰው ቶሎ ይረዳዋል፤ ሂት ፋክተር የሰከንድህ ዋጋ ነው። ዋጋው ደግሞ ከስቴጅ ስቴጅ ይለያያል። ዒላማዎቹ ቅርብ ሆነው ሩጫ የሌለበት አጭር ስቴጅ ላይ ጎበዝ ተኳሽ 10 ሊያገኝ ይችላል። እዚያ ላይ ኤ ፈንታ ሲ መምታት የሚያሳጣው 2 ነጥብ የ0.2 ሰከንድ ዋጋ ብቻ ስለሆነ፣ ኤ ለማግኘት ግማሽ ሰከንድ ማጥፋት አያዋጣም። ብዙ ሩጫና ራቅ ያለ ዒላማ ባለበት፣ ሂት ፋክተሩ 4 ሊሆን በሚችልበት ስቴጅ ላይ ግን ያው 2 ነጥብ ግማሽ ሰከንድ ያወጣል፤ ትንሽ ቆም ብሎ ማነጣጠር ያዋጣል። ልምድ ያላቸው ተኳሾች ከመተኮሳቸው በፊት ባዶ እጃቸውን ቀስረው ስቴጁን ሲዞሩ የሚያሰሉት ይህንን ጭምር ነው። ጀማሪ ሲያያቸው ብቻቸውን የሚያወሩ ይመስሉታል።

«ኃይል» የተባለው ሦስተኛው መመዘኛ ጀማሪውን ብዙም አያስጨንቀውም። የጥይቱ ክብደት በግሬን (የጥይት ክብደት የሚለካበት ትንሽ መለኪያ)፣ በፍጥነቱ በጫማ በሰከንድ ተባዝቶ ለ1000 ይካፈላል፤ ውጤቱ ቢያንስ 125 መሆን አለበት። 124 ግሬን ጥይት በሰከንድ 1050 ጫማ ቢጓዝ 130 ይሆናል፤ ስለዚህ ከሱቅ የተገዛ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። 165 እና ከዚያ በላይ የሚተኩሱ ሰዎች በተፈቀደላቸው ምድብ (ተወዳዳሪዎች በሽጉጥ ዓይነት በምድብ ይከፈላሉ) ለሲ 4፣ ለዲ 2 ያገኛሉ።

ቁጥሩ የማያድነው አንድ ነገር አለ፤ የደኅንነት ሕግ። ሕጉን የጣሰ ነጥቡ አይቀነስበትም፤ የዚያን ዕለት ውድድሩ እዚያው ያበቃል። ዋናው «180» የሚባለው ነው። ተኳሹ ፊቱን ወደ አፈር ግንቡ አዙሮ ሲቆም በግራና በቀኝ ትከሻው በኩል የሚያልፍ መስመር አለ እንበል፤ አፈሙዙ ከዚያ መስመር ወደ ኋላ ፈጽሞ መዞር የለበትም። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ጀማሪ ከቀኝ ወደ ግራ እየሮጠ ካዝና ሲቀይር ይህን መስመር ሊያልፍ ምንም አይቀረው፤ አካሉ ወደ ግራ ሲዞር አፈሙዙም አብሮ ይዞራል። ከቦታ ቦታ ሲንቀሳቀስም ጣት ከቃታው ውጭ ለዓይን በሚታይ ሁኔታ መቀመጥ አለበት። ሽጉጥ ከወገብ ቢወድቅስ? ተራው ሳይደርስ ከሆነ አንስቶ መመለስ ክልክል ነው። ባለበት ትቶ ዳኛ መጥራት ነው፤ ራሱ ካነሳው ይባረራል።

ሜዳው ላይ ዳኛው «ሜክ ሬዲ» (ተዘጋጅ) እስኪል ድረስ የማንም ሽጉጥ አይጎርስም። ሽጉጥ ከወገብ አውጥቶ መነካካት የሚቻለው ለዚሁ በተከለለ ስፍራ ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ጥይት መንካት አይቻልም። ከ«ሜክ ሬዲ» በኋላ ተኳሹ ያጎርሳል፣ ዳኛው ዝግጁ መሆኑን ይጠይቃል፣ «ስታንድ ባይ» (ተጠባበቅ) ይላል፣ የሰዓት መያዣው ይጮኻል። ሲያበቃ ዳኛው እንዲያራግፍና ባዶነቱን እንዲያሳይ ያዘዋል፤ «ሬንጅ ኢዝ ክሊር» (ሜዳው ነጻ ነው) እስኪባል ማንም ወደ ካርቶኖቹ አይሄድም። ከዚያ በኋላ ቀዳዳዎቹን በማጣበቂያ ወረቀት መለጠፍ የሁሉም ሥራ ነው። ተራውን ጠብቆ ተኩሶ ጥላ ሥር የሚቀመጥ ሰው ቡድኑ ውስጥ አይወደድም።

ለመጀመሪያው ቀን ውድ ዕቃ አያስፈልግም። አስተማማኝ ሽጉጥ፣ ቃታውን የሚሸፍን ጠንካራ የወገብ ማኅደር፣ ጠንካራ ቀበቶ፣ አራት አምስት ካዝና፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ ይበቃል። ይልቅ አሜሪካ ያለ የእኛ ሰው አስቀድሞ የሚያጣራው ነገር ሕጉን ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ሌላ እገዳ ከሌለበት መሣሪያ መያዝ ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ጠባብ ከሆኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይፈቀድለትም። የጓደኛን ሽጉጥ ተውሶ መተኮስም መያዝ ነው፤ «ለአንድ ቀን ነው» የሚባል ነገር የመኖሪያ ፈቃድ ሊያሳጣ ይችላል። ከግዛት ግዛት መሣሪያ ይዞ ማለፍም የየራሱ ደንብ አለው።

ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ዕለቱኑ በስልክ ይደርሳል። በየምድቡ ትልቁን ሂት ፋክተር ያገኘ ሰው የስቴጁን ሙሉ ነጥብ ይወስዳል፣ ሌላው ከእሱ አንጻር በመቶኛ ይሰላል። ከላይ ባየነው ስቴጅ 4 ያገኘው ሰው የ5 ባለቤቱን 80 በመቶ ስለሆነ 96 ነጥብ ይያዝለታል። ጀማሪ ሰዓቱን ከመመልከቱ በፊት የሳታቸውን ይቁጠር፤ በመጀመሪያው ውድድር ላይ ትልቁ ኪሳራ ያለው እዚያ ነው። የዩ.ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤ. አባል ከሆነ ደግሞ በመላ አገሪቱ በአንድ ዓይነት አሠራር የሚዘጋጁ የመመዘኛ ስቴጆች አሉ። ሂት ፋክተሩ በየምድቡ ከተቀመጠው አገር አቀፍ ጣሪያ ጋር ስለሚነጻጸር የቨርጂኒያው ተኳሽ ከቴክሳሱ ጋር ሳይገናኝ ይመዘናል። አራት ውጤት ሲኖረው ደረጃ ይሰጠዋል፤ ከ40 በመቶ በታች ያለው ዲ፣ 95 እና ከዚያ በላይ የደረሰው ግራንድ ማስተር ይባላል።