ፒንግ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ጉዳይ ለማስፈጸም ወረፋ ይዞ የዋለ ሰው «ሲስተም የለም» ተብሎ ሲመለስ፣ ችግሩ የቢሮው ኬብል ይሁን፣ የከተማው መስመር ወይም አዲስ አበባ ያለው ሰርቨር (አገልግሎቱን የሚሰጠው ዋና ኮምፒውተር) ብዙ ጊዜ የሚነግረው አያገኝም። ይህን ለመለየት ባለሙያ አስቀድሞ የሚሞክረው ፒንግን ነው።

ፒንግ ለኮምፒውተር ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት በኮማንድ ፕሮምፕት ወይም በተርሚናል ላይ «ping» የሚለውን ስሙንና የሰርቨሩን አድራሻ ጽፎ ኢንተር በመጫን የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው በአሜሪካ ጦር የምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ማይክ ሙስ ነው። አይሲኤምፒ በተባለው ፕሮቶኮል (የኮምፒውተሮች መነጋገሪያ ደንብ) አማካይነት ወደ ሰርቨሩ ትንሽ ፓኬት፣ ማለትም አነስተኛ የዳታ ጥቅል፣ ይልካል፤ ሰርቨሩም የደረሰውን ያንኑ ዳታ መልሶ ይልካል፤ ፒንግ በመካከል ያለፈውን ጊዜ በሚሊሰከንድ ይለካል። ዊንዶውስ አራት ጊዜ ልኮ ያቆማል፤ ሊኑክስ ግን ኮንትሮልና ሲ እስኪጫኑ ድረስ ይቀጥላል።

ዋናው ቁም ነገር የመጣውን ቁጥር ማንበብ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ የሚሄደው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ያለው ፋይበር 500 ኪሎ ሜትር ይረዝማል ብንል፣ ደርሶ መልሱ ከ5 ሚሊሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። አውሮፓ ካለ ሰርቨር የሚመጣው መልስ ከ100 ሚሊሰከንድ ቢያልፍም ርቀቱ ነውና ብልሽት አይባልም። አሳሳቢው መዋዠቁ ነው፤ 30፣ 34፣ 31 ሲል ቆይቶ በድንገት 480 ካለና ቀጥሎ ያለው ፓኬት መልስ ካጣ፣ በቴሌግራም የሚነጋገሩ ሰዎች ድምፅ የሚቆራረጠው በዚህ ነው። ስለዚህ ከአማካዩ ይልቅ በመጨረሻ የሚወጣውን የጠፉ ፓኬቶች መቶኛ ማየት ይበልጣል እላለሁ።

ጣና ዳር ባለ አንድ ቢሮ ኢንተርኔት ቢንቀራፈፍ፣ መጀመሪያ ፒንግ መደረግ ያለበት ራውተሩ ነው፤ አድራሻውም ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። በዋይፋይ የተገናኘ ኮምፒውተር ከዚያው ክፍል ካለ ራውተር መልስ ለማግኘት 200 ሚሊሰከንድ ከፈጀበት ችግሩ እዚያው ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ አገልግሎት ሰጪው ጋር ከመደወል በፊት ዋይፋዩን ማየት ይገባል። ራውተሩ ደኅና ከሆነ የጎግል ሰርቨር አድራሻ የሆነው 8.8.8.8 ይሞከራል፤ ይህም መልስ ሰጥቶ በስም የተጻፈ አድራሻ «አልተገኘም» ከተባለ፣ መስመሩ ጤነኛ ሆኖ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ዝምታን ሲተረጉሙ ነው። ያልተፈለገ ግንኙነትን የሚያግደው የሰርቨሩ ፋየርዎል የፒንግን ጥያቄ እንዳይቀበል ተደርጎ ከሆነ፣ ሰርቨሩ ሥራውን በሚገባ እየሠራም መልስ አይሰጥም። በተቃራኒው፣ ለፒንግ የሚመልሰው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በመሆኑ፣ ዳታቤዙ ቆሞ ወረፋው አልንቀሳቀስ ሲል እንኳ መልሱ በ8 ሚሊሰከንድ ሊመጣ ይችላል።